አጀንዳ አራት፦ የኬንያዊቷ ጥያቄ

ሰኔ 16 ቀን 2016፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ቦታው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ጀርባ ያለችው የጋራ ቤት ናት። እዚህች ቤት ውስጥ እንጀራ ይጋገራል፣ በግ ይታረዳል፣ ስብሰባም ይደረጋል። ስለዚህ ስብሰባችን ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይላል። የእድሩ ጸሐፊ አጀንዳ አነበበ። አንደኛ የድንኳኑ መቀደድ። ሁለተኛ መዋጮ ያላስገቡ አባላት። ሦስተኛ የጠፋው ትልቁ ድስት። አራተኛ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የኬንያዊቷ ጥያቄ»።

ጥያቄው አጭር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታ የምትኖር የ31 ዓመት ኬንያዊት እድር ልግባ ብላ አመልክታለች።

ድስቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። እሷ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። «ስሜንና መሥሪያ ቤቴን ተዪ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ» ብላኛለች። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ከራሷ ላይ። ስለ እሷ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ጉድ ስለምጽፍ የጎረቤቶቼንም ስም አልጠራም።

አመጣጧ

የመጣችው መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ነው። ትውልዷ ኪሱሙ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር። ሥራዋ ናይሮቢ ነበር። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረና ነሐሴ ላይ ኤምፔሳን ካስገባ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ኬንያዊ ማየት ብርቅ አይደለም። እሷ የዚያ ድርጅት ሠራተኛ አይደለችም፣ ሥራዋ ግን ከዚያው ዘርፍ ጋር በሩቁ ይነካካል። ሠራተኞችን ታሠለጥናለች።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ኬንያዊ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፣ ለመሥራት ግን የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ። የሥራ ፈቃዱ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል። ይሄን መሥሪያ ቤቷ ጨረሰላት። ቤቱን ደግሞ ደላላ አገኘላት፣ አከራዩም የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀበላት። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የኪራይ አዋጁ ወጥቶ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይበልጥም ሲል «ለእኔ ስድስት ወር ቢዘገይም እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን።

እኔና ጎረቤቶቼ ምን ያስቸግራታል ብለን እንዳሰብንና በእውነት ያስቸገራት ምን እንደሆነ ሳነጻጽር ይገርመኛል። ሁሉንም ስተናል ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ ሰዓት። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ጓደኛዬ፣ ልጅቷ ገና በመጣች ሳምንት፣ ቁጭ አድርጋት፣ የግድግዳ ሰዓት አውርዳ፣ «እኛ ጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት...» እያለች ልታስተምራት ጀመረች። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ ስዋሂሊም እንደዚሁ እንደሚቆጥር ነገረቻት። ጠዋት ሁለት ሰዓት በስዋሂሊም ሁለት ሰዓት ነው። ፀሐይ ስትወጣ የሚጀምረው ሰዓት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር! ያስቸገራት ሌላ ነገር ነው። እነሱ አገር በስዋሂሊ ሲያወሩ «ሁለት»፣ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ «ስምንት» ይላሉ፣ መደባለቅ የለም። እኛ ግን በእንግሊዝኛም እያወራን የራሳችንን ሰዓት እንናገራለን። የሥራ ባልደረባዋ በእንግሊዝኛ «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ሲላት ከቀትር በኋላ መጣች። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃታል።

ምግብም እንደፈራነው አልሆነም። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ያው ጎመን ነው ማለት ይቻላል። ማንዳዚያቸው የቦምቦሊኖ ዘመድ ነው። ስኳር ሱካሪ፣ ሳሙና ሳቡኒ፣ ሻይ ቻይ ነው። ሰባትን እንኳን ሳባ ይላሉ። ሱቅ ገብታ በጣቷ ሳትጠቁም የምትገዛው ዕቃ ከእኔ ግምት በላይ ነበር። አንድ ቀን ብቻ የዑጋሊ ነገር አስቂኝ ሆነ። ዑጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ ነው። በሯን ክፍት አድርጋ ስታማስል የመጀመሪያ ፎቋ እማማ አልፈው አዩና ፊታቸው በራ። «ማን ወለደ?» አሉ። እኛ ጋ ገንፎ ያለ አራስ ቤት ምን ይሠራል!

አማርኛውን የጀመረችው ከታክሲ ረዳቶች፣ ከጥበቃችንና ከሰፈር ልጆች ነው። ሦስቱም ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው፣ ግን አንዳቸውም «እርስዎ» አይሉም። የእድራችን ዳኛ ጡረተኛ ሻምበል ናቸው፣ ቀና ብለው የሚሄዱ፣ ክብራቸውን የሚወዱ። ደረጃ ላይ አግኝታቸው፣ በደስታ፣ ጮክ ብላ፣ «ሻምበል! አንተ! ግባ፣ ግባ፣ ቦታ አለ!» አለቻቸው። ሻምበል ሦስት ቀን አላናገሯትም። ነገሩ ሲገባት ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች። ለታክሲ ረዳቱም «እርስዎ»፣ ለድመቷም «እርስዎ»።

የእኛ ፊደላት ጠ፣ ጨ፣ ቀ አፏ ላይ አልቀመጥ አሉ። ሱቅ ሄዳ «ቻው ስጠኝ» ትላለች። ባለሱቁ እጁን ያውለበልብላታል። «ቻው!» ትላለች እንደገና። «ቻው ቻው!» ይላታል። ሁለት ሳምንት ያለ ጨው ወጥ ሠራች ብል ማጋነን ይሆናል፣ አንድ ቀን ግን እውነት ነው።

የማይጻፉት ነገሮች

የሚያደናቅፈው ሌላ ነበር። እኛ ራሳችን ሕግ መሆኑን የማናውቀው ሕግ።

መጀመሪያ «እንብላ»። ጥበቃችን ምሳውን በሰሐን ይዞ በሩ ላይ ይቀመጣል። ያለፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፣ ያለፈው ሁሉ «ብላ» ብሎ ያልፋል። እሷ አላለፈችም። ተቀምጣ በላች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ጥበቃው ምንም አላለም፣ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፣ ግን ምሳ ሰሐኑ የአንድ ሰው ነው። በኋላ ስነግራት አፍራ ለሳምንት በጀርባው በር ወጣች። «ታዲያ ካላሰበው ለምን ጠራኝ?» አለችኝ። አስቦታል። ግን... እስቲ እናንተ አስረዱልኝ።

ከዚያ የታክሲው ነገር። የአምስተኛ ፎቋ ጓደኛዬና እሷ ከሜክሲኮ አንድ ታክሲ ውስጥ ተገጣጠሙ። ጓደኛዬ እንደ ደንቡ «የሁለት ሰው» ብላ ከፈለች። ልጅቷ አመሰገነች፣ ቤቷ ገባች፣ ማታ በቴሌብር 10 ብር ላከችላት።

ጓደኛዬ ስልኳን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የምሬን ነው፣ ዓይኗ እንባ አቅሯል። «ምን በድያት ነው?»

ወረድኩና ጠየቅኳት። ግራ ገባት። «የእሷ ገንዘብ ነው፣ መለስኩ። ናይሮቢ እንኳን ማታቱ፣ የእኛ ታክሲ ማለት ነው፣ ውስጥ እንዲህ ይደረጋል፣ ኤምፔሳ ትልኪያለሽ፣ አለቀ።» እኔም፣ ሌላ ቀን አንቺ ትከፍያለሽ እንጂ አይመለስም አልኳት። «መቼ እንደምንገናኝ በምን አውቃለሁ?» አለች። አታውቂም፣ ነገሩም እሱ ነው አልኳት። ሒሳቡ ክፍት ሲሆን ትፈላለጋላችሁ። ስትዘጊው «ከአንቺ ጋር ጉዳይ የለኝም» ማለት ይሆናል። አሰበች አሰበችና፣ «ስለዚህ እዚህ አገር ሰው የሚዋደደው በዕዳ ነው» አለች። ሳቅኩ። ግን ቃሉ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ትልቁ ግን የታኅሣሥ 15 ግብዣ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25፣ ሰኞ ዋለ። ለእሷ ገና ነው፣ ለእኛ ተራ የሥራ ቀን። ፈቃድ ወስዳ፣ ከማለዳ ጀምራ ፒላው የሚሉትን ሩዝ በሥጋ ሠራች፣ ቻፓቲ ጋገረች። ማታ ስድስት ጎረቤት ጠራች። ስድስታችንም ሄድን። ግብዣ እምቢ አይባልማ!

ጾመ ነቢያት ላይ ነበርን። አምስታችን ጾመኛ ነን። ስድስተኛዋ ሙስሊም ናት፣ ሥጋው ደግሞ የክርስቲያን ነው። ተቀመጥን። ሽታውን አደነቅን። «እንዴት ያለ ሙያ ነው!» አልን። ቻፓቲውን በደረቁ ቆረስን፣ ሻይ ያለ ወተት ጠጣን። ፒላው እየቀዘቀዘ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው የበላው የጓደኛዬ የስድስት ዓመት ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ሰሐን ደገመ።

ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ስትጠራን ከሳምንት በፊት ነበር። ከስድስታችን አንዳችን «ጾም ነው እኮ» ብንላት ምስር ትሠራ ነበር። አላልናትም። ለምን? ደስ ብሏት ስለነበር። እንዳናሳዝናት። ይሉኝታ ይሉታል ይሄን። ስትሸኘን በር ላይ ፊቷን አየሁት። ከላይ ሆኜ ሰሐን ስታጥብ፣ ከዚያ ውሃው ሲቆም፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ ሳይኖር ሰማሁ።

የእኛ ገና ሲደርስ፣ ታኅሣሥ 28፣ አምስት ቤት በየፊናው ዶሮ ወጥ ላከላት። አምስት ድስት። ለአንድ ሰው። ይቅርታ መጠየቃችን ነበር፣ በአፍ ግን አንዳችንም አልተነፈስንም።

ከየት ነሽ

አንድ ነገር መዝለል አልችልም፣ ብዘለው ውሸት ይሆናል። ነጭ ብትሆን ኖሮ ልጆች «ፈረንጅ» ብለው ይከተሏት ነበር፣ እኛም እንዳንስባት እንጨነቅ ነበር። እሷ ግን በጣም ጥቁር ናት፣ ረጅምም ናት። ስለዚህ ሱቅ፣ ታክሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ከጋምቤላ ነሽ?» አንዳንዱ በፍቅር ይጠይቃል። አንዳንዱ አጠያየቁ ውስጥ ሌላ ነገር አለ፣ እሷም አማርኛ ሳትችል ጀምሮ ይገባት ነበር።

የሚገርመው፣ ጠያቂዎቹ ሳያውቁት እውነት ተጠግተዋል። እሷ ሉዎ ከሚባለው የኬንያ ብሔረሰብ ናት። ጋምቤላ ያሉት አኝዋኮች ቋንቋም ከሉዎ ቋንቋዎች ወገን ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ውስጥ አንድ የአኝዋክ ተማሪ ተዋወቀች፣ ቃል ሲያወዳድሩ ውሃ በሁለቱም «ፒ» ሆኖ ተገኘ። እየሳቀች ልትነግረኝ ጀምራ መሀል ላይ ሳቋ ቆመ። ልጁ ምን እንዳላት ነገረችኝ። «አንቺ ከሌላ አገር መጥተሽ ነው ከየት ነሽ የሚሉሽ። እኔን አገሬ ላይ ነው።»

እኔ ምንም አላልኩም። የሚባል ነገር አልነበረኝም።

እንግዳ ሁለት ቀን ነው

የዋናው ጉዳይ ሥር እዚህ ነው።

እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን፣ ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። ልጅቷ በመጣች ወር ውስጥ ከአሥር ቤት በላይ ቡና ጠጥታለች። መጀመሪያ ላይ አቦሉን ጠጥታ «አመሰግናለሁ» ብላ ትነሳ ነበር፣ ከዚያ ቶናና በረካ እንዳለ ተማረች፣ ከዚያ እንቅልፍ አጣች፣ ምክንያቱም አገሯ ቡና ቢያበቅልም ቤቷ ውስጥ የሚጠጣው ሻይ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ቡና መሀል አንዲት ሲኒ አጥባ አታውቅም። ስትነሳ «ተይ!» እንላታለን። «ቁጭ በይ! አንቺ እንግዳ ነሽ!» ሽንኩርት ልላጥ ስትል ቢላውን እንቀማታለን። የደረጃ ጽዳት ተራ ወጥቶ የእሷ ቤት ተዘለለ። የውሃ ታንከር ጥገና መዋጮ ሲሰበሰብ ሰብሳቢው በሯን ሳያንኳኳ አለፈ። «ምስኪን፣ ሰው አገር ናት፣ ተዋት» ተባለ።

ሚያዝያ አካባቢ ይመስለኛል፣ እኔ ቤት ቡና እየጠጣን፣ በስዋሂሊ አንድ ተረት አለች። «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፣ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጀምቤ።» እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ስጠው።

«ሰባት ወሬ ነው» አለች። «መቆፈሪያዬ የት አለ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። እንደ ቀልድ ወሰድኩት። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። ዝም ብላ ሲኒውን አዞረች አዞረችና፣ «ታውቂያለሽ፣ ከሁላችሁም ቤት በልቻለሁ። ከእናንተ መሀል የእኔን የበላ የለም፣ ከልጁ በቀር። የምሰጠው ነገር የሌለኝ ሰው አድርጋችሁኛል» አለች።

እንግዲህ ፍረዱብን።

መልሱን ያመጣነው እኛ አይደለንም፣ ግንቦት ልደታ ነች። ግንቦት 1 በአዲስ አበባ ሰፈር ለሰፈር እንዴት እንደሚከበር ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት ያዋጣል፣ ደጅ ላይ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ንፍሮው ቤት አይገባም። እኛ ደግሞ ልደታ ሆነን ልደታን ብናሳንስ ማን ይምረናል! ዓመቱ 2016 ነው፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ፋሲካ ካለፈ ገና አራት ቀኑ። ማታ ከሥራ ስትገባ ድስቱ ጓሮ ላይ ይንተከተካል። ጎንበስ ብላ አየችና ጮኸች። «ጊዜሪ!»

ጊዜሪ በቆሎና ባቄላ መሳይ እህል አብሮ የሚቀቀልበት የኬንያ ምግብ ነው። ንፍሮ ነው በቃ። ቦርሳዋን ለጥበቃው ሰጠች፣ ከእማማ እጅ ማማሰያውን ተቀበለች፣ ማንም «ተይ» ለማለት አልደረሰም። ውሃው አንሷል አለች። እማማ በቂ ነው አሉ። አንሷል አለች። ተከራከሩ፣ አንዷ በግማሽ አማርኛ፣ አንዷ በሙሉ ቁጣ። ያን ቀን እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጧት። «አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካሽ!» ያን ቀን ማታ ልጅቷ እንዴት ደስ እንዳላት ልነግራችሁ አልችልም።

ንፍሮ እየበላን ነው የእድሩን ነገር የጠየቀችው። ድንኳን ተጥሎ ባየች ቁጥር መጀመሪያ ሠርግ ይመስላት ነበር። ስለ መዋጮው፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ሰልስቱ፣ ስለ ዕቃው ነገርናት። አንድም ነገር አልገረማትም። እነሱ ጋ ቻማ የሚሉት የእኛ እቁብ ነው፣ ለቀብርም አዋጥተው ይሰበስባሉ። «እንዴት ይገባል?» አለች። ጸሐፊው ዳቦ አፉ ውስጥ እንዳለ «ማመልከቻ» አለ። እየቀለደ ነበር። በሳምንቱ ማመልከቻ አመጣች፣ በአማርኛ፣ እኔ አርሜው።

ክርክሩ

ወደ ሰኔ 16 እንመለስ።

ደንባችን አባል የሚሆን ሰው «የወረዳው ነዋሪ መታወቂያ ያለው» ይላል። እሷ ያላት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ባንክ የሚሠራው ጎረቤታችን የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። «እናትና አባቷ ኬንያ ናቸው። አንድ ቀን ሞቱ ብትል በምን እናረጋግጣለን? እሷ ራሷ ሁለት ዓመት ሠርታ ትሄዳለች። እግዜር አያድርገውና እዚህ ብትሞት አስከሬን በአውሮፕላን ልንልክ ነው?»

ጸሐፊው ደንቡን ገለጠ። እድሩ የሚከፍለው የተወሰነ ገንዘብ ነው፣ አስከሬን የት ይሄዳል የሚለው የእድሩ ጉዳይ አይደለም። ወላጆቻቸው ጎጃም፣ ወለጋና ጉራጌ ያሉ አባላት አሉን፣ ወላጅ ሲሞት ማስረጃ ያመጣሉ፣ ይከፈላቸዋል። ባንከኛው፣ ወለጋ እና ኬንያ አንድ ነው ወይ አለ። አንዱ ከኋላ፣ በአውሮፕላን ከሆነ ኬንያ ይቀርባል አለ። ተሳቀ።

ሻምበል ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ እውነተኛ ሐሳባቸውን ተናገሩ፣ እኔም የብዙዎቻችን ሐሳብ እሱ ይመስለኛል። «ልጅቱ ጨዋ ናት። እንግዳችን ናት። ኀዘን ቢደርስባት ያለ እድርም እንደርስላታለን። ታዲያ ምን አስቸገራት? ለምን ገንዘቧን እንቀበላታለን?»

ደግነት ነው ይሄ። ከልብ የሆነ ደግነት። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ስታፋትግ አየሁ።

መልስ የሰጡት የመጀመሪያ ፎቋ እማማ ናቸው። እሳቸው ከመሀላችን የድሮውን ልደታ ሰፈር የሚያውቁ፣ ቤታቸው ፈርሶ እዚያው ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። ሳይነሱ ተናገሩ። «ሻምበል፣ እርስዎ ከየት መጡ? በዕጣ አይደል? አንተስ ባለ ባንኩ? እናንተ ሁላችሁ በዕጣ ወጥታችሁ እኔ ሰፈር ስትመጡ እድር አስገቡን አላላችሁም? መጻተኛ ናችሁ ብዬ ከለከልኩ?»

ፀጥ ሆነ። ከዚያ አንዱ ስለ ፒያሳ አነሳ። በዚያው ዓመት ፒያሳ ሲፈርስ ስንት እድር እንደተበተነ፣ ድንኳንና ድስት እየተካፈለ ሰው ወደ ከተማዋ ዳር እንደሄደ። እኛም ከዚያ የነበሩ አባላት ነበሩን፣ ርቀው ቀሩ፣ መዋጮው ሳሳ። ባንከኛው እዚህ ላይ ለዘብ አለ፣ አንድ አባል በዓመት ስንት እንደሚያስገባ በልቡ ሲያሰላ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ተወሰነ። መመዝገቢያ 3,000 ብር፣ በወር 100 ብር፣ እንደማንም አዲስ ገቢ ስድስት ወር እስኪሞላት ጥቅማ ጥቅም የለም። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረባት፣ ዋስ። እኔ ዋስ ሆንኩ። ልክ ነበር አልልም፣ ከማንም ያልተጠየቀ ዋስ ከእሷ ተጠየቀ። እሷ ግን ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእሷ ደሞዝ በብር ነው፣ ኪሱሙ ላሉት እናቷ የምትልከው ግማሽ ሆነ። ደረጃ ላይ ቆመን ስለ ዘይት ዋጋ ስናማርር እሷም አብራ ታማርራለች፣ «ኑሮ ከበደ» ስትል አማርኛዋ ምንም እንከን የለውም። ፒላውን ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ደግማ ሠራች። ቀኑን ከሁለት ሰው ጠይቃ፣ ካላንደር አይታ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሥጋውን ራሷ ገዝታ ላከች፣ ከዚያ ደግሞ ክርስቲያኖቹ አልበላንም። ለሁላችንም የሚሆን ሥጋ ስለሌለ አሁን ዓሣ ነው የምትሠራው፣ ቆሮሶ፣ እንደ ሐይቋ።

ኅዳር 2017 ላይ አንድ አባላችን አረፉ። ቀብሩ ማክሰኞ ነበር። እሷ ሥልጠና ላይ ስለነበረች ቀረች፣ ማታ ድንኳን መጥታ እስከ አራት ሰዓት ዕቃ አጠበች። በሳምንቱ እሁድ ጸሐፊው ቀብር የቀሩትን ዝርዝር አነበበ። ቅጣቱ 50 ብር ነው። ሰባት ስም ተነበበ።

እጇን አወጣች። «ስሜ የለም።»

ሻምበል ፈገግ አሉ። «አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ግድ የለም፣ እንግዳ...»

«እሳቸውም ሥራ ላይ ነበሩ» አለች ወደ ባንከኛው እያሳየች። እውነቷን ነው፣ ባንከኛው ተቀጥቷል። ከዚያ ቆመች። «ክቱኝ» አለች።

ማንም አልገባውም። «ምን አለች?» አለ ከኋላ ያለው። እማማ ጆሯቸውን አቀኑ። ልጅቷ ትንፋሽ ወሰደች፣ ቀውን ከጉሮሮዋ ሥር ፈልቅቃ አወጣችው፣ ጠውም ተከተለ።

«ቅ-ጡ-ኝ!»

ሻምበል ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው ደረሰኙን አወጣና ስሟን ጻፈ፣ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ጠይቋት። እሷ ስልኳን አውጥታ ቴሌብር ከፈተች። ገንዘብ ያዡ ራሱን ነቀነቀ። እድራችን የሚቀበለው ጥሬ ብር ነው።

ሃምሳ ብሩን ከእኔ ወሰደች። እስካሁን አልመለሰችም።